ከድልድዩ የወረደው ሰው

ስስ ጨርቅ ካውያ ሲበዛበት የሚያመጣው ሽታ አለ፤ የተቃጠለ ፀጉርና ያረረ ስኳር የተቀላቀሉበት የሚመስል። ባለፈው እሁድ ሳሎኔን ሞላው። አክስቴ ታደለች ከአርባ ምንጭ ደውላ «ያንን የመስኮት ጨርቅ ላኪልኝ፤ ተኝቼ ግንብ ማየት ሰለቸኝ» ስላለችኝ፣ ሳገባ የሰጠችኝን ጨርቅ ከሳጥን አውጥቼ እጥፋቱን ለማስለቀቅ እተኩሰው ነበር። ካውያውን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ አቆየሁት መሰለኝ፣ ሽታው ብድግ አለ። እኔም ካውያ በእጄ እንደያዝኩ ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩና ፈራሁ።

በዚያ ዓመት እናቴ አስተማሪ ሆና ሩቅ ከተማ፣ ካምባ ተመደበች፤ እኔን አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር፣ እህቷ ቤት ትታኝ ሄደች። አክስቴን አክዬ ነበር የምላት። ባልም ልጅም አልነበራትም። የነበራት አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ኃይለኛ ምላስና አልጋ ላይ የዋለች እናቷ ነበረች። ያቺ አሮጊት ለእኔ አያቴ ናት፤ ግን ቤቱም ጎረቤቱም «አዮ» ይላታል፤ በጋሞኛ እናት ማለት ነው። እናቴ ስትሄድ ጉንጬን ይዛ «ለፋሲካ እመጣለሁ» አለችኝ። ፋሲካ ስንት ቀን እንደቀረው አላውቅም ነበር። ሁዳዴ ገና መግባቱ ነበር።

አዮ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ቀለም እንጂ መልክ አትለይም። ቢሆንም እግሯን ወደ መስኮቱ አድርጋ ስለምትተኛ፣ ከቁልቁለቱ በታች ያሉትን ሐይቆች በቀለማቸው ታውቃቸዋለች፤ በግራ ቡናማው አባያ፣ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፣ በመሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው አረንጓዴ ተራራማ መሬት። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ብርድ ልብሱ ላይ ጥጥ ሲፈትሉ ትውላለች። ጥጥ የለም፣ እንዝርት የለም፤ ጣቶቹ ብቻ ይፈትላሉ። እኔ ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋት ሥራዬ እሷን መጠበቅ ነው፤ ዝንብ ማባረር፣ ውሃ ማቀበል፣ ለአክዬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት። አክዬ «ዓይንሽ ገና አዲስ ነው፣ ሳያረጅ ልጠቀምበት» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ጎረቤታችን ግንብ ሠራ። ሦስት ፎቅ፣ ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ከመስኮታችን በአራት እርምጃ ርቀት። የመጨረሻው ረድፍ በተደረደረ ዕለት አዮ ሐይቆቹ የት እንደሄዱ ጠየቀች።

«ጎረቤት ወሰዳቸው» አለቻት አክዬ።

አዮ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና የሽፈራው ቅጠሉ ሀለኮም ሆነ ቆሎ፣ የቀረበላትን ሁሉ አልፈልግም ማለት ጀመረች። በሦስተኛው ቀን አክዬ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «እሺ! ሐይቁን እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

አክዬ የሰርግ ዕቃ ሰፊ ነበረች። ቬሎ ታጠብባለች፣ ለአዳራሽ ዲኮር የሚሆን ስስ ጨርቅ ትሸበሽባለች። በሁዳዴ ሰርግ የለም፤ አልፎ አልፎ የጴንጤዎች ካልመጣ በቀር መኪናዋ ሥራ ይፈታል። ከአልጋው ሥር ደግሞ የዓመቱ ቁርጥራጭ በማዳበሪያ ታጭቆ ተቀምጧል፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ኦርጋንዛ፣ እንደ መረብ የሳሳው ቱል፣ የቬሎ ጫፍ፣ ሻሽ። ከእነዚህ በተጨማሪ ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ ለማጠንከር የሚጠቀሙበት፣ ካውያ ሲያርፍበት የሚቀልጥ ሙጫ ጨርቅ ነበራት። ወደ ብርሃን ሲይዙት የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው። ሁለት ጨርቅ መሃል ገብቶ ከተተኮሰ ራሱ ይጠፋል፤ ሁለቱ ጨርቆች ግን አንድ ይሆናሉ።

ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከሥር ነጭ ቱል ተዘረጋ። ለአባያ የቬሎ ቁራጭ ከሻይ ቅጠል ጋር ተቀቀለ፤ ቡናማው ልክ እስኪመጣ አክዬ በማንኪያ እያወጣች ወደ መስኮት ትይዘዋለች። ለጫሞ የአንድ አዳራሽ ዲኮር ትራፊ፣ ጥልቅ የሆነው ቦታ ላይ ሁለት ድርብ። ለድልድዩ የራሷ አረንጓዴ ሻሽ። ከድልድዩ ተነስቶ እስከ ጨርቁ ጠርዝ፣ ማለትም እስከ እኛ ቤት የሚወርድ ነጣ ያለ መንገድ። በየመሃሉ ሙጫው፤ ከላይ አንድ ወጥ ኦርጋንዛ። እርጥብ አቡጀዲ አልብሳ ካውያውን ታስቀምጥበታለች።

«አትጎትቺው። ጫኚ፣ አስር ቁጠሪ፣ አንሺ። ካውያ ያጣመረውን ሰው አይለየውም።»

እሷ ቀልዷ ነበር። የልጅ ነገር ግን ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ነው፤ እኔ ቃሉን እንዳለ ዋጥኩት። እዚያ ጨርቅ ውስጥ የገባ ነገር ለዘላለም የእኛ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ ትታው ከሄደችው አሮጌ ቀሚስ ገበር ላይ ጥቁር ሰማያዊ ቁራጭ ቆረጥኩና በአክዬ ትንሿ መቀስ አንድ ሰው አወጣሁበት። አውራ ጣቴን ያክላል፤ ራሱ ባቄላ፣ ከወገቡ በታች ሰፋ ያለ ቀሚስ። እናቴ ናት። ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ሦስት ቀን ይዣት ዞርኩ።

የመጨረሻው ቀን መንገዱ ብቻ ሲቀር መብራት ጠፋ። አክዬ የእኛ ብቻ መሆኑን ለማጣራት ወደ በር ወጣች። ያን ጊዜ የላይኛውን ኦርጋንዛ ገልጬ እናቴን ድልድዩ ላይ፣ መንገዱ በሚነሳበት ገና ባልተጣበቀው ጫፍ፣ ፊቷን ወደ እኛ አድርጌ አስቀመጥኳት። ካምባ በዚያ በኩል እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ከጀርባችን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለእኔ ሩቅ የሆነ ሁሉ ከሐይቆቹ ማዶ ነው።

መብራቱ አልመጣም። አክዬ ትዕግሥት አልፈጠረባትም፤ ከጎረቤት የከሰል ካውያ ተዋሰች። አመዱ እንዳይረግፍባት እየፈራች መንገዱን ዳር ዳሩን ብቻ ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ አድርጋ ጨረሰችው። ዳሩ ተጣበቀ፣ መሃሉ እንደ እጅጌ ክፍት ቀረ። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው።

ጨርቁ መስኮቱ ላይ በተሰቀለ ማግስት ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። አራት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ከግንቡ ራስ ብቅ ስትል ክፍሉ በአንዴ ተለወጠ። ግማሽ ግድግዳ ቡናማ፣ ግማሽ ግድግዳ ሰማያዊ። አዮ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

«መጡ» አለች። እንባዋ ወረደ። አክዬ መቀስ የምትወለውል መስላ ጀርባዋን ሰጠችን።

እኔ ግን የአዮን ፊት አልወደድኩትም። ከአፍንጫዋ ወዲህ አባያ፣ ወዲያ ጫሞ ሆኗል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ አንገት ላይ የበቀሉ ይመስላል። ዓይኔን አንስቼ ከራስጌዋ በላይ ያለውን ግድግዳ ሳይ የእናቴ ጥላ ቆሟል፤ ከሠራኋት እጥፍ ረዝሞ።

«ሰው አለ» አለች አዮ።

«የት?» አለች አክዬ።

«ድልድዩ ላይ። ቡልኮ ለብሷል።»

አክዬ ቀርባ አየችና ከንፈሯን መጠጥ አደረገች። «ብጣሽ ገብታብኝ ነው፤ አሁን አይወጣም። ዓይኔ አርጅቷል» አለች።

በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እናቴ ድልድዩ ላይ አልነበረችም። መንገዱ ላይ ነበረች።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጣቴን ከጨርቁ ጠርዝ ጀምሬ ደረደርኩ፤ አስራ አንድ ጣት። በማግስቱ አስር ተኩል። ፀሐይ ሲመታው፣ ንፋስ ጨርቁን ሲነካው፣ በዚያ ባልተጣበቀ እጅጌ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ትወርዳለች። ይህን ዛሬ ነው የምለው። ያን ጊዜ ያልኩት ሌላ ነው፤ እናቴ ተነስታለች፣ እየመጣች ነው። የመስኮቱ ፍሬም ላይ የደረሰችበትን በጠመኔ ምልክት እያደረግኩ፣ ለማንም ሳልናገር፣ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ጠርዙ ላይ ስትደርስ ፋሲካ ይሆናል።

አንድ ጠዋት ምልክቴን ሳደርግ አዮ ከአልጋዋ ጠራችኝ። አማርኛዋ ከደጋ ስትወርድ ያመጣችው ነበር፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች።

«አንተ ልጅ፣ ና። ስንት ቀረው?»

ደነገጥኩ። «ምን?»

«ወንድሜ። ሻንቆ። ትለካዋለህ አይደል?»

ከዚያ ነገረችኝ። ሻንቆ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሸማኔ። እሷ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። ልጅ ሳለች ቡልኮ ተሸክሞ ሊሸጥ በድልድዩ አድርጎ ወደ ማዶ ሄደ። ሲሄድ «የሚቀጥለውን ማግ ፈትለሽ ጠብቂኝ» አላት። አልተመለሰም። መርዶ አልመጣ፣ ሬሳ አልታየ፤ ስለዚህ ማንም አላለቀሰለትም። ያልተለቀሰለት ሰው የትም አያርፍም፣ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው አለችኝ።

«አሁን ማጉን ጨርሻለሁ። እዚህ ሲደርስ አብሬው እሄዳለሁ» አለችና በጣቷ ደረቷን ነካች። ጣቶቿ ወዲያው ወደ መፍተላቸው ተመለሱ።

«እናቴ እኮ ናት!» ልላት ፈልጌ ነበር። ቀና ብዬ ያቺን ሰፋ ያለ ቀሚስ ሳያት ቡልኮ ሆና ታየችኝ። ከዚያ በኋላ ቀሚስ አድርጌ ላያት ብሞክር አልቻልኩም። በገዛ መቀሴ የቆረጥኳት እናቴ ውስጥ አንድ የማላውቀው የሞተ ሰው ገብቶ ይራመድ ጀመር።

ጥላው በየቀኑ ከራስጌው ግድግዳ ወረደ። ትራሱ ላይ ደረሰ። በሆሳዕና ሳምንት አንድ ጠዋት የአዮ ነጭ ፀጉር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ በታች ግንባር፣ ከዚያ በታች ደረት ነው። አክዬ በባጃጅ ወደ ሲቀላ ገበያ ወርዳለች። ወንበር ጎትቼ ወጣሁ። ጥቁር ክር በመርፌ አስገብቼ የሰውየውን ሁለት ጎን ከጨርቁ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ሰፋሁትና ቋጠርኩት። «እማዬ፣ ትንሽ ቆዪ፤ ትንሽ ብቻ» አልኳት። ክሩ ሲጠብቅ ከበስተኋላዬ የአዮ ጣቶች መፍተል አቆሙ። ዞር ስል ያ ሞራ የሸፈነው ዓይኗ ወደ እኔ ነው።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። ከዚያም ሦስት ቀን አላባራም። ሐሙስ ዕለት እናቴ ደወለች፤ ድምጿ እየተቆራረጠ መንገዱን ጎርፍ እንደበጠሰው፣ ለፋሲካ እንደማትደርስ ነገረችኝ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ መንገዱ ነው የያዘኝ» አለች። ስልኩን ለአክዬ ሰጥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሁለቱ ጥቁር ስፌቶች ተቀምጠዋል። መንገዱ ሳይሆን ማን እንደያዛት እኔ አውቃለሁ።

ፋሲካን ዶሮው እንደ ገለባ ሆኖብኝ ዋልኩ። ፀሐይ ተመልሳ ወጣች፤ ጥላው ግን ያለበት ነው። አዮ ባሰባት። እጆቿን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ የራሷን ፀጉር ትዳብሳለች፤ ሊደረስበት የማይችል ነገር ራሷ ላይ ቆሟል።

«ቆመ። ለምን ቆመ?» ትላለች። አትበላም፣ አትተኛም፣ አትሞትም። ጎረቤት መግባት ጀመረ። ኦርቶዶክሱ ጠበል ይዞ፣ ጴንጤው መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ፣ ሁሉም በየእምነቱ ይጸልይላታል። አንዲት ሴት ስትወጣ «ነፍሷን የያዘ ነገር አለ» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። አክዬ ባዶ መኪናዋ ላይ ተደፍታ ታለቅስ ነበር። አክዬ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሐይቁ የመጣ ዕለት የሰጠችን ጀርባ ካልተቆጠረ።

አንድ ጠዋት ከአዮ ጋር ብቻዬን ሳለሁ እጄን ያዘችኝ። ያን ያህል ጉልበት አላት ብዬ አልጠበቅኩም።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፤ «ማን ያዘው?»

እጄን ስትለቀኝ ትንሿን መቀስ አምጥቼ ወንበሩ ላይ ወጣሁና ሁለቱንም ክር ቆረጥኩ። ምንም አልሆነም። ሰውየው ባለበት ቀረ። እፎይ ልል ስል ፀሐይዋ ከግንቡ ራስ ወጣች፤ ጨርቁ ሞቀ፤ ከዚያ ወረቀት ሲጎተት የሚሰማ ዓይነት ኮሽታ ሰማሁ። ዓይኔ እያየ ግማሽ ጣት ወረደ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሰዓት እየቀረው ቦርሳዬን አንስቼ ሮጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ጥላው ደረቷ ላይ ደረሰ። ውሃ ላቀብላት ቆሜ ነበር። አዮ ሁለት መዳፎቿን ጥላው ላይ አስቀመጠችና በጋሞኛ አንድ ቃል ተናገረች፤ ሰው ከሩቅ መጥቶ በር ላይ ሲቆም የሚባለውን። ፊቷ ላይ ሳቅ ነበር። ጣቶቿ ቆሙ። የተኛች መስሎኝ አክዬ እስክትመጣ ድረስ ከፊቷ ላይ ዝንብ አባረርኩላት።

እናቴ በማግስቱ መጣች። ለፋሲካ ያልታለፈው ጭቃ ለመርዶ ታለፈ፤ ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በፒካፕ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሁሉም ተነስቶ ጮኸ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በአያቴ ለቅሶ መሃል፣ የእናቴ ወገብ ላይ ተጠምጥሜ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ አዮን በእናቴ እንደለወጥኩ ገባኝና ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሰው ሁሉ «ለአያቷ» አለ።

አክዬ ሙሾ ስታወጣ የአዮን ስም ብቻ አልጠራችም። «ሻንቆ፣ መንገድ የቀረኸው» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። እሱም በመጨረሻ ተለቀሰለት። ሰልስቱ ሲያልፍ ጨርቁን ራሷ አወረደችው። ሰውየው ከጠርዙ ላይ ቁጭ ብሏል። አጥፋ፣ ሳጥን ውስጥ አስገብታ ቆለፈችው።

እሁድ ዕለት ካውያውን ነቅዬ ጨርቁን ወደ መስኮቴ ስይዘው፣ ሰውየው ጠርዙ ላይ የለም። ድልድዩ ላይ ነው፤ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። ጨርቁ ይህን ሁሉ ዓመት ተገልብጦ ስለተቀመጠ ተንሸራትቶ ተመልሶ ነው አልኩ። ትክክልም ሳልሆን አልቀርም። ቢሆንም ሄጄ የመርፌ ቆርቆሮዬን አመጣሁ። አክዬ አሁን ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ የምትተኛውም እዚያው አልጋ ላይ፣ እግሯን ወደ መስኮቱ አድርጋ ነው። መርፌው ላይ ጥቁር ክር አስገባሁ። ስልኬ ጮኸ።

«ተኮስሽው?» አለች አክዬ።

«አዎ።»

«ሰውየው የት ነው?»

በመሃላችን ስለዚያ ሰው ተነጋግረን አናውቅም። «ድልድዩ ላይ» አልኳት።

«የመርፌ ቀዳዳዎቹስ አሁንም አሉ?»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «አክዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«ክሩን ከወለል ላይ የጠረግኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣሽ? እኔም ስፌቱን ልቆርጥ መቀስ ይዤ ሁለት ጊዜ እዚያ መስኮት ሥር ቆሜያለሁ። እናቴ ናት፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ በልጅ አቅምሽ ያቃተኝን ሠራሽልኝ።» ከዚያ ያ የድሮ ምላሷ ተመለሰ። «እንግዲህ እንዳለ ላኪልኝ። አንቺን አውቅሻለሁ። ክር እንዳታስገቢበት።»

«እሺ» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ መዝዤ አወጣሁትና ጨርቁን ማጠፍ ጀመርኩ።